ቁጭ ሲል የማይታይ ሕመም

የታሰርነው በአንድ አቤቱታ ምክንያት ነው። የአዳማው ገዢ የጎረቤቶቻችንን መሬት በጉልበት ሲወስድ ባለቤቴ የአቤቱታውን ቃል ተናገረ፣ እኔ ጻፍሁት። ወታደሮቹ ወረቀቱን ይዘው መጡና «የማን እጅ ነው?» አሉ። «የእኔ» አልሁ። ሁለታችንንም ወሰዱን።

እስር ቤት የተባለው በገዢው ግቢ ውስጥ ያለ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ የነቀዘ ማሽላ ይሸታል። ሰንሰለት ስላነሰ የባለቤቴን ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር አቆራኙት። ዘበኛው፣ ሽማግሌ የአገሩ ኦሮሞ፣ «እንግዲህ ዳግመኛ ተጋባችሁ» ብሎ ቀለደ። ባለቤቴ ሳቀ። የወታደሮቹ አለቃ ከደጅ ሆኖ ሳቁን አየ።

ባለቤቴ ሕመምተኛ ነበር። ሥራው በባቡሩ ሐዲድ ዳር የስልክ እንጨቶችን እየተከተለ ሽቦ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ዳገት ሲወጣ ብቻ ያለከልክ ነበር። በዓመቱ በየአምስተኛው እንጨት ቆሞ ደረቱን ይይዝ ጀመር፤ በሦስተኛው ዓመት በየእንጨቱ። በመጨረሻ ገበያ መሃል ዓይኑ ጨልሞበት ወደቀ። አንድ አርመናዊ ሐኪም ደረቱን አዳምጦ፣ ደም ከልብ የሚወጣበት በር እየደደረና እየጠበበ መሆኑን ነገረኝ። «ልቡ በዚያ ጠባብ በር ደሙን ለመግፋት ሲታገል ይደክማል። በሩ ተመልሶ አይሰፋም። አንዴ መውደቅ ከጀመረ ዕድሜው አጭር ነው፤ በእግሩ ብዙ እንዳይሄድ» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ወለንጪቲ ዳኛ ዘንድ በእግር እንድንሄድ ታዘዘ።

«ጌታዬ፣ ባቡሩ ወለንጪቲ ይደርሳል። በባቡር ይውሰዱን» አልሁት አለቃውን።

«ለእስረኛ ባቡር ኖሮ ያውቃል?»

«ልቡን ታሟል።»

«ሲስቅ አይቼዋለሁ። የምን ሕመም ነው?»

«ቁጭ ሲል አይታይም፤ ሲሄድ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ሲሄድ እናየዋለን» አለና በቅሎው ላይ ወጣ።

ባለቤቴ ደከመኝ ማለት አይወድም ነበር። ስለዚህ ከንፈሩ ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር «እግሬን» ብዬ እቀመጣለሁ፤ እሱም ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ሽማግሌው ዘበኛ ገብቶታል። «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ እንጂ፤ ሴትዮዋ እኮ እግሯን ታማለች» እያለ ወደ ፊት ይጮህልናል። ባቡሩ በአጠገባችን አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ስቀመጥ አለቃው ተመልሶ መጣ።

«ጎትቷት» አለ ወታደሮቹን።

ጎተቱን። ባለቤቴ ጥቂት እንደተራመደ «አንቺ፣ ያዢኝ» አለኝና በፊቱ ተደፋ። ሰንሰለቱ እኔንም ይዞኝ ወረደ። በስሙ ጠራሁት፤ አልመለሰም።

አለቃው ከበቅሎው ሳይወርድ ቁልቁል አየው። ከዚያ ወረቀትና ቀለም አስመጣ። እሱ ማንበብም መጻፍም አያውቅም።

«ንዳድ ገደለው ብለሽ ጻፊ። ማኅተሜን አደርግበታለሁ፤ አንቺም ትፈቻለሽ።»

ግራ እጄ ከባለቤቴ እጅ ጋር እንደታሰረ በቀኜ ጻፍሁ፦ «ልቡን መታመሙ ለአለቃው ተነግሮ ሳለ፣ በእግሩ ተነድቶ መንገድ ላይ ሞተ።»

«ጻፍሽ?»

«ጻፍሁ።»

ማኅተሙን መታበት። በማግስቱ ወለንጪቲ የዳኛው ጸሐፊ ጮክ ብሎ አነበበው። አለቃውን የጠየቀው የለም። በእኔ ላይ ግን ለአቤቱታው ከፈረዱት እስር ሌላ ሦስት ወር ጨመሩ። ያን ወረቀት በመጻፌ አንድም ቀን አልተጸጸትሁም።

ዛሬ ዘመዶቼ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ፣ ሕመሙ የጸና ስለነበር ቤቱ ቢሆንም ከዓመት አያልፍም ነበር ይሉኛል። ይሆናል። ሐኪሙም ይህን አልደበቀኝም። ግን ያ አንድ ዓመት የእሱ ነበር።