የመርከቧ እንጨት

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ቄስ ነበሩ። ታመው ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሲተኙ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ለክፍሌ ያዘጋጀሁትን ንባብ አልጋቸው አጠገብ ሳነብ «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። በሸራና በነፋስ የምትሄድ፣ ፍሪጌት የሚሏት የድሮ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ታሪክ ነበር።

በየቀኑ በአማርኛ ትንሽ ትንሽ ነገርኳቸው። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ግን ከፈረንሳዮች ጋር ተታኩሳ ምሰሶዋ የተሰበረ ዕለት ምሳቸውን ሳይበሉ ቀሩ።

ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ላይነቁ እንደሚችሉ ነገረኝ። እኔ ተመልሼ «ቀላል ነገር ነው አሉ» አልኳቸው።

«መርከቢቱስ?»

የንባቡ መጨረሻ ላይ ከቋጥኝ ተላትማ ትሰጥማለች። በዚያ ቀን ይህን እንዴት ልበል? «አርጅታ ወደብ ገባች፤ ሰዎቹም በሰላም አገራቸው ገቡ» አልኩ።

«ተመስገን» አሉና አሰብ አደረጉ። «እንጨቷን ማን ወሰደው?»

ደብራቸው ሲታደስ የአሮጌው ጣሪያ ወራጅ እንጨት እያንዳንዱ የት እንደገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የንባቡን ወረቀት አገላበጥኩ።

«ያን ያህል እንጨት እንዲያው አይጠፋም። ሰጥማለች አይደል?»

«አዎ፣ አባባ። አብዛኛው ሰው አልቋል።»

«ፍትሐት ለሚገባው ሰው ተመስገን አስባልሽኝ።» ትክ ብለው አዩኝ። «የሐኪሙንም ነገር እንዲሁ ቆርጠሽ ነው የነገርሽኝ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሳልናዘዝ ለሞት ልትሰጂኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ።»

ወዲያው ቡሬ ደወልኩ። ነርሷና ረዳቶቿ አባቴን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊወስዷቸው ሲመጡ የነፍስ አባታቸው የተሳፈሩበት ሚኒባስ ገና መንገድ ላይ፣ ማንኩሳ ነበር። የአልጋውን ብረት ይዤ አለቅም አልኩ፤ ነርሷን ለመንኳት፣ ቀጥሎም ተቆጣኋት። እሷ ስትመክረኝ፣ እኔ በሩን በሩን ሳይ፣ የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን እንደያዙ እያለከለኩ ደረሱ። ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጡን።

በሩ ሲከፈት አባቴ ተረጋግተው ነበር። «የክፍልሽን ልጆች የመርከቧን ታሪክ እስከ መጨረሻው አስተምሪያቸው» አሉኝ፤ ነርሷና ረዳቶቿም አልጋውን ገፉት።

አልነቁም። ከሐዘኑ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ ጥያቄያቸው ነው። ስለ እንጨቱ ባይጠይቁኝ ኖሮ፣ ፈገግ ብዬ ሳይናዘዙ እሸኛቸው ነበር።