አክስቴ ዋስ የሆነችበት ሥራ

በጣሊያን ጊዜ ልደታ ማርያም አጠገብ በአንድ ጣሊያናዊ ሹም ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ደመወዙ የረባ አልነበረም። ያስቀጠረችኝ አክስቴ ግን ዋስ ስለሆነችኝ በጎረቤት ፊት ሁሉ፣ «አንቺ ገልቱ፣ እኔ ባልኖር ማን ያምንሽ ነበር?» ትለኝ ነበር።

ጅማ የተሻለ ሥራ ሲገኝልኝ ሳምንት ሙሉ አመነታሁ። ዋስትናዋን እንድታወርድ አስቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር። ብነግራት እንደምታስቀረኝ ስለማውቅ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ልትስም በወጣችበት ከነጋዴዎች ጋር በመኪና ሄድኩ።

ሹሙ ቤት በእኔ ምትክ ወር ሙሉ ልብስ አሳጠቧት። እጇን ቁርጥማት እንደሚያማት ስሄድም አውቅ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስመለስ ስድቧን እየጠበቅኩ ገባሁ። «ደህና ገባሽ?» ብቻ አለችኝ። ሆን ብላ ይመስለኛል፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።