በደቡቡ ግድግዳ ሥር

በጦርነቱ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ፣ ታጣቂዎች ከተማችን መርሳ ሲገቡ መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን የምናስቀምጠው ጎረቤት ሱቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ባለሱቁ ቆልፎ ከመሸሹ በፊት ሁለት ብልቃጥ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ፤ "ሙቀት እንዳያገኘው" አለኝና ሄደ።

እናቴ፣ አባቴና እኔ የምንኖርበት ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ቀን ውስጡ ይፋጃል። ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሞላሁ፣ ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልዬ ቀበርኩ፣ ከቤቱ ጀርባ በደቡቡ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩት። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ፤ ፀሐይ የሚባል አልነካውም። ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።

ጎረቤታችን፣ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፣ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

"ልጄ፣ ይሄ የክረምት ጥላ ነው። መስከረም ሲያልቅ ፀሐይ በዚህ በኩል ትመጣለች።"

"አባባ፣ ፀሐይ የትም አትሄድም። የምትዞረው መሬት ናት።"

"የፈለገችው ትዙር። አንቺ ማሰሮሽን አንሺ።"

ሳቅሁባቸው። እናቴ ከውስጥ ሆና "አፍሽን ያዢ፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አለችኝ።

የሚያበግነኝ የማላውቀው ነገር አለመሆኑ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። እኛ ያለንበት አገር ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታልፍና እስከ ታኅሣሥ ዝቅ እያለች ትሄዳለች። ፈተናው ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። በእንግሊዝኛ ሸምድጄው ስለነበር ይሁን፣ እንጃ፣ የእኛን ግድግዳ ይመለከታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንዱ ብልቃጥ አለቀ። ወልድያ የሚሸጥ ሰው አለ ሲሉ ሰማሁ። ቁጭ ማለት አልችልም፤ መኪና የለም፣ በእግሬ ተነሣሁ። ስወጣ ብርሃኑ ከማሰሮው አራት ጣት ርቆ መሬቱ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ስመለስ አነሳዋለሁ ብዬ በሲሪንቃ በኩል ሄድኩ።

አንድ ሳምንት ወልድያን ዞርኩ። ባዶ መደርደሪያ ፊት የተቀመጠ ባለመድኃኒት ቤት፣ "ኢንሱሊን? እኔ ለራሴ ራስ ምታት ኪኒን የለኝም" አለኝ።

ስመለስ እኩለ ቀን ነበር። ማሰሮው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሏል። አሸዋው ደርቆ እንደ ዱቄት ይበናል። እናቴ "ጠዋት ጠዋት አጠጥቼዋለሁ" አለችኝ፣ የሠራችውን እንደምታስረክብ። ብልቃጡን አወጣሁት። ኩልል ያለ በነበረው ፈሳሽ ውስጥ እንደ እርጎ ያለ ነገር ይንሳፈፋል።

ተበላሽቷል አላልኳትም። ሌላ የለንም። ክንዷን ያዝኩና ወጋኋት። በማግስቱም ወጋኋት።

ውሃ ጠጣች፣ ውሃ ጠጣች፣ አልረካ አለች። ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸት ጀመር። ጥቅምት ሳይጋመስ ሞተች። አባቴ "አጀሏ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው" አለ።

ለለቅሶ ከመጡት አንዱ ሽማግሌው ጎረቤታችን ነበሩ። ዱዓ አደረጉ፣ ተነሡና ወደ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ባዶውን ማሰሮ ከፀሐዩ አንሥተው በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ጥላው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በአጠገቤ አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።