የአሠሪዬ ኢንሹራንስ

አሠሪያችን የአደጋ ኢንሹራንስ ይግቡልን ባልነው ቁጥር «የኛ ኢንሹራንስ ጌታ ነው!» እያለ አፋችንን የሚያዘጋን ሰው ነው። ታዲያ ፒያሳ በምንሠራው ፎቅ ላይ ግድግዳ ስለስን የቆምኩበት ጣውላ ተሰበረ። እግሬም አብሮት ተሰበረ።

እግሬ በጀሶ ታስሮ ቱላ ሰፈር ባለው ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ፣ ሰውዬው ጸሎተኞች አስከትሎ ከች አለ። ሥራ ላይ «አንተ!» ነበር የሚለኝ፤ ያን ቀን ግን «ወንድሜ» ሆንኩ። ጸሎቱ ሲጋጋል ከጸሎተኞቹ ሁለቱ ብብቴን ይዘው ብድግ አደረጉኝ። አሠሪዬ ስልኩን ደግኖ፣ «ተፈውሻለሁ በል!» አለኝ።

ቤት ሙሉ እንግዳ እልል እያለ እንዴት እምቢ ይባላል? «ተፈውሻለሁ!» አልኩ። ሕመሙ ያወረደው እንባዬ የደስታ መሰላቸው።

በኋላ ካሳ ልጠይቅ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤት አልኩ። አሠሪዬ ተጠርቶ ሲመጣ ቪዲዮውን ከፈተ።

«ይኸው፣ በገዛ አፉ! ድኗል እኮ!»

የቢሮው ኃላፊ ቪዲዮውን አየች፤ ዞር ብላ እኔን አየች።

«ታዲያ ይሄ ክራንች ምንድን ነው?»

አሠሪዬ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«እምነቱ ወርዶ ነው፣ እህቴ።»