ከፋሲካ በኋላ የከበደው አማካይ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። እዚህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ስለ ኳስ ባነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ብቻዬን ሆኜ ማሽኔን እየረገጥኩ ሁሉ ሳቄ ይመጣል። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ትንሽ ይከፋኛል።

እኔ ዘነበች፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ስር ነው። ለደንበኛ ብዬ ከበሩ ፊት ያስቀመጥኩትን አግዳሚ ወንበር በጥላው ምክንያት የኳስ ሰዎች ወርሰውታል። እነሱ ይከራከራሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል የሚለኝ ሰው ከመጣ በያዝኩት መርፌ ነው የምወጋው። የከተማችን ቡድን ማሊያ ላይ ቁጥር የምለጥፈው፣ የተቀደደውን የምጥፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከማንም እኩል የመናገር መብት አለኝ ባይ ነኝ።

የወንበሩ አለቆች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋሼ መኮንን ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ያረፉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ሰይድ ነው፤ የሽንኩርት ነጋዴና የደጋፊዎች ኮሚቴ አባል። ጋሼ መኮንን ለተጫዋች ሁሉ ጠበቃ ናቸው። ሰይድ ግን ከጨዋታ በኋላ ያልተናደደበትን ቀን አላስታውስም። ስናሸንፍ እንኳን "በዚህ አጨዋወት ማሸነፍ ራሱ ነውር ነው" እያለ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

የዚያን ሰሞን ክርክር በሙሉ በአንድ ልጅ ላይ ነበር። ቢኒያም ይባላል፤ አማካይ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ክለብ ለሁለተኛው ዙር በውሰት ሰጥቶን ነው የመጣው። ዕድሜው ቢበዛ ሃያ ቢሆን ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው።

ሲመጣ ሁዳዴ ተይዞ ነበር፤ ረመዳንም አብሮ ገብቶ ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነበር። ልጁ ግን ሜዳ ላይ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። እኛ ጥላ ስር ተቀምጠን በወረቀት እያራገብን እሱ ከዚህኛው ጎል እስከዚያኛው ይመላለሳል። ኳስ ሲያቀብል አያይም፤ ኳሷ ግን ሰው እግር ስር ትገኛለች። ሰይድ እንኳን ሳያስበው አመስግኖት ነበር፤ በኋላ አላልኩም ብሎ ካደ እንጂ።

ፋሲካ አለፈና ልጁ ተለወጠ። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ በዓይኑ ይሸኛታል። ከእረፍት በኋላማ ሜዳው ዳገት የሆነበት ይመስላል። ተከታታይ ጨዋታ ተሸነፍን፤ ወንበሬም ጦር ሜዳ ሆነ።

"ልጁ ደገኛ ነው። የእኛ ሙቀት አሁን ገና ገብቶት ነው" ይላሉ ጋሼ መኮንን።

"መጋቢት ላይ አልሞቀም እንዴ ጋሼ?" ይላል ሰይድ። "ያኔ አስፋልቱ ሲቀልጥ ይበር ነበር እኮ! ይመለስ ወደ ክለቡ። በእሱ ቦታ የራሳችን ልጅ ይጫወትበት።"

"እሱ የሚያቀብለውን ኳስ የትኛው ልጃችን ያቀብላል?"

"ቆሞ ማቀበልማ እኔም አቀብላለሁ!"

አንዱ ዓይን በልቶት ነው ይላል። ሌላው ሴት ይዞ ነው ይላል። ጋሼ መኮንን አንድ ቀን ተናደዱና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "እኔ በዚህ መንገድ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። መኪና ዳገት ላይ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚታየው ጭነቱ ነው። ዝም ብሎ ሞተሩ ተበላሽቷል አይባልም!" አሉ። ማንም ልብ አላላቸውም። እኔም አላልኳቸውም።

በመጨረሻ ኮሚቴው ወሰነ። እሁድ ከአጣዬ ከሚመጣው ቡድን ጋር ጨዋታ አለ፤ ቢኒያም በዚያ ጨዋታ እንደሰሞኑ ከሆነ ዙሩ ሳያልቅ ይመለስ ተባለ። ሰይድ ይህን ሲያወራ ከተማው ሁሉ ሰማ። ልጁም ሰማ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ቢኒያም ራሱ ሱቄ መጣ። የመጫወቻ ቁምጣውን በፌስታል ይዟል።

"እትዬ፣ ይቺን ላስቲክ ትንሽ ያላሉልኝ። ወገቤን እየቆረጠችኝ ነው።"

ቁምጣውን ሳየው አወቅኩት። ልጁ የመጣ ሰሞን ሰፋኝ ብሎ በእጄ ያጠበብኩለት ቁምጣ ነው። ሜትሬን አንስቼ ወገቡን ለካሁት፤ ጠጋ ብዬም ፊቱን አየሁት። ጉንጩ ሞልቷል። እኛ ለካ በየሳምንቱ እያየነው አላየነውም!

"አንተ ልጅ፣ ምን እየበላህ ነው?" አልኩት።

አፍሮ ሳቀ። እኔም እንደማልለቀው ገባውና ቀስ በቀስ አወጣው። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጣ ጋሼ መኮንን በር ላይ ጠብቀው ቤታቸው ይወስዱታል፤ ዱለትና ጥብስ ይቀርባል። ከዚያ ሲወጣ ሰይድ በባጃጅ ጭኖ ይወስደዋል።

"የትኛው ሰይድ? ይሄ የእኛው ሰይድ?"

"አዎ። እትዬ ፋጡማ ሥጋ እንዳይሆንብኝ ብለው ገንፎ ያገነፉልኛል። በቅቤ።"

አፌን ያዝኩ። የሰይድ ባለቤት ፋጡማ ሃይማኖቱን ልታከብርለት ብላ፣ ከምድር ምግብ ሁሉ መርጣ ከጨዋታ በፊት ገንፎ ታበላዋለች! ከዚያ ደግሞ የቤት አከራዩ ምሳ ያቀርቡለታል።

"ከዚያስ?" አልኩት።

መሬቱን አየ። "ከዚያ እርስዎ ጋ ነው የምመጣው።"

እውነቱን ነው። እኔ እሁድ እሁድ ምንቸት አብሽ ሠርቼ እጠራዋለሁ። ቤተሰቡ ሩቅ ነው፣ ባዶ ሆዱን እንዳይጫወት ብዬ። ጥቂት ቀምሶ ሲያቆምብኝ አፋር ነው እያልኩ በሞቴ፣ እኔ ልሙት እያልኩ አጎርሰዋለሁ። ለካ አራተኛ ምሳው ነኝ!

"ለምን አልበላም አትልም? ለአሰልጣኙስ ለምን አልነገርክም?"

"እንዴት ብዬ እትዬ? እናቴ ሰው ያቀረበልህን አትግፋ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ለአሰልጣኙ ብናገር ደግሞ እናንተን መክሰስ ነው የሚሆንብኝ።" ድምፁ ሰለል አለ። "ከዚህ ሳልጫወት ከተመለስኩ ክለቤ ያሰናብተኛል። ነግረውኛል። ኳስ በቃኝ ማለት ነው።"

ሳቄ ከፊቴ ላይ ጠፋ። እኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ይመለስ አይመለስ ስንል የልጁን እንጀራ ነበር የያዝነው። ላስቲኩን አልነካሁትም። ቁምጣውን አጥፌ መለስኩለትና እሁድ በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን እኔ ጋ ና፣ መንገድ ላይ ማንም ቢጠራህ እትዬ ዘነበች ቀድማ ጠርታኛለች በል አልኩት።

ቅዳሜ ወንበሩ ሞላ። ክርክሩ ጦፏል፤ ሰይድ "ይመለስ!" እያለ ነው። ማሽኔን አቆምኩና ወጣሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው እሁድ ለዚያ ልጅ ምሳ ያበላው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ጋሼ መኮንን፣ ምስጋና የሚቀበሉ መስሏቸው።

"እንዴ፣ እኔ ቤት ነው የበላው" አለ ሰይድ።

"እኔ ጋም በልቷል" አልኩ። "አከራዩም አብልተውታል። ሁሉም ከጨዋታው በፊት።"

ጋሼ መኮንን ሰይድን አዩት። ሰይድ ጋሼ መኮንንን አያቸው።

"ስትሰድበው ትውልና ምሳ ትጋብዘዋለህ?" አሉት።

"ስድቡ የሜዳ ነው ጋሼ" አለ ሰይድ፣ ፊቱ ቀልቶ። "ቤቴ ሲመጣ እንግዳዬ ነው። ጾማችሁን እስክትፈቱ ነው የጠበቅኩት እንጂ ገና ድሮ ነበር የምጠራው።"

ጋሼ መኮንን ከዘራቸው ላይ ተደግፈው መሳቅ ጀመሩ። "ጭነቱ ይታይ አላልኳችሁም? ጭነቱ እኛ ነን እኮ!" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ልጁ ስለ ክለቡ የነገረኝን ስነግራቸው ሰይድ አንገቱን ደፋ። እሁድ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ከቀላል ቁርስ በቀር ማንም ለቢኒያም ምግብ እንዳይሰጥ ተማማልን።

መሃላው እንዴት ከባድ እንደነበር እሁድ አየሁት። ልጁን ሱቄ ውስጥ አስቀምጬ፣ ረፋዱ ላይ ቁራሽ ዳቦና ሙዝ ሰጥቼ፣ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ጋሼ መኮንን ከደጅ ዘብ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ፋጡማ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዛ ከተፍ አለች። ባሏ ነግሯት ነበር፤ አላመነችውም።

"በረሃብ ልትገሉት ነው? ባዶ ሆዱን በዚህ ፀሐይ? አላህን አትፈሩም?"

"ፋጡማ፣ ከጨዋታው በኋላ።"

"ይቀዘቅዛል እኮ!"

"ይቀዝቅዝ።"

እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምግብ ተሸክሞ የመጣ ሰው ከበር መመለስ! ፋጡማ በጣም ነው የተቀየመችኝ። ዞር ስል ደግሞ ዘቡ ጋሼ መኮንን በበሩ ክፍተት እጃቸውን አስገብተው አንድ ነገር ለልጁ ሊያቀብሉ ሲሞክሩ ያዝኳቸው። በናፕኪን የተጠቀለለ ጥብስ ነው።

"ለአፉ ያህል ብዬ ነው" አሉኝ።

ቀምቼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ሜዳ ገባን። ልጁ ተሸንፎ ቢወጣ ይህንን ሁሉ ያመጣሁት እኔ መሆኔ ነው። የአጣዬ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ፋታ አልሰጡንም። መጀመሪያ ላይ ቢኒያምም እንደሰሞኑ ነበር። ሰይድ ከጎኔ ጥርሱን ነክሶ ዝም ብሏል፤ ሰይድ ዝም ያለበት ጨዋታ ያ ብቻ ነው። ከእረፍት በኋላ ግን ሁሉም ሰው ሲደክም ልጁ ገና የጀመረ መሰለ። እየወደቀ ይነሳል፣ እየተነሳ ይቀማል። ሊያልቅ ሲል ኳስ ከሁለት ሰው መሀል ነጠቀ፤ እንደ ሁዳዴው ጊዜ ሳያይ ወደ ግራ ላካት፤ የክንፍ ተጫዋቻችን አገኛትና መታ። ጎል!

ሰይድ አቅፎኝ ዘለለ። ከዚያ ሴት ማቀፉ ትዝ አለውና ደንግጦ ለቀቀኝ፤ ጋሼ መኮንንን አቀፈ። "አይመለስም! ማን ነው ይመለስ ያለው?" እያለ ይጮሃል።

ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ፋጡማ ገንፎዋን አሙቃ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር። ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም፤ ለልጁ ግን ሳቀችለት። ቢኒያም በላቡ እንደራሰ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሙልጭ አድርጎ በላ። እኔም ጥብሱን ከመሳቢያዬ አመጣሁለት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ጨዋታዎች ሁሉ በዚሁ ሕግ ተጫወተ፤ ምሳው ከፊሽካ በኋላ ሆነ። ወሬው ክለቡ ጋ ደረሰ መሰለኝ፣ ዙሩ ሲያልቅ ለዋናው ቡድን እንፈልገዋለን ብለው ጠሩት። ደስ አለን፤ ከፋንም። በውሰት የመጣ ነገር እንደሚመለስ ረስተነው ነበር። መናኸሪያ ስንሸኘው እያንዳንዳችን ስንቅ ይዘን መጣን። ሁሉንም ተቀበለ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ፊቱ ከስንቁ በላይ አይታይም ነበር።

በቅርቡ ደወለልኝ። ወንበሩ ላይ ሁሉም ስለነበሩ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። በመጀመሪያ አሰላለፍ እየገባ ነው። ክለቡ ካምፕ አለው፤ ምግቡ በልክ ነው የሚቀርበው።

"ሁሉም ጥሩ ነው እትዬ" አለ። "ግን እዚህ በሞቴ የሚለኝ ሰው የለም።"

ጋሼ መኮንን ከዘራቸውን ማየት ጀመሩ። ሰይድ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረና "ለመጪው ዙር እንደገና እንጠይቃቸው እንዴ?" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

እኔ በዚያች እሁድ በሬን በመዝጋቴ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እዘጋለሁ። ልጁ ሕልሙ ጋ ስለደረሰ ለኩራቴ ቤቴ አይበቃውም። ግን ከሰው ገበታ ያራቅነው ልጅ ብቻውን ሲበላ ማሰቡ ከበደኝ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

"በሞቴ፣ እሁድ ከጨዋታው በኋላ ጠግበህ ብላ። በሞቴ ብዬሃለሁ!"

"እሺ እትዬ" አለኝ። ያ ልጅ ዛሬም እምቢ ማለት አልለመደም።