የሽማግሌው የወንዝ ልጅ

አገር ቤት የታሰርኩት በጻፍኩት ነገር ነው። ቶሮንቶ የታሰርኩት ደግሞ «ማንነትህን እስክናጣራ» ተብዬ። ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ዲቴንሽን ወሰዱኝ። ወይ ጉድ! ከእስር ሸሽቶ እስር። ክፍሏ ሦስት አልጋና አንድ የማይከፈት መስኮት ነበራት፤ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንዱ አልጋ ላይ አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ተቀምጠው ካልሲያቸውን ያጥፋሉ።

እንግሊዝኛቸው ከእኔም የባሰ ነበር። ደግነቱ ሁለታችንም ጅዳ ሠርተናል፤ በተሰባበረ ዓረብኛ ተግባባን። ወንድ ልጃቸውን ወታደሮች ወስደውባቸው ሳይመለስ ሲቀር ነው የተሰደዱት። «ፊሊፒናዊ ነኝ» አይሉም፤ «ዋራይ ነኝ» ነው የሚሉት። ዋራይ የደሴታቸው ሰዎችም፣ የቋንቋቸውም መጠሪያ ነው።

«ታጋሎግ የሚሉትስ?» አልኳቸው።

«እሱ የዋና ከተማው ነው። ተማሪ ቤት ለመድኩት። በዋራይ ያወራ ልጅ ይቀጣ ነበር።»

«እኛም አገር ያው ነው» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛው አልጋ ሰው አገኘ፤ አርባ ዓመት የሚሆነው ፊሊፒናዊ። ሽማግሌው በታጋሎግ ሰላም አሉትና የየት ክፍለ አገር ሰው እንደሆነ ጠየቁት። ሁለት ፊሊፒናውያን ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው። ሰውዬው በዋራይ መለሰ። የወንዛቸው ልጅ ሆኖ ተገኘ! ቀኝ እጃቸውን አንስቶ ግንባሩ ላይ አሳረፈ፤ እኛ የትልቅ ሰው ጉልበት እንደምንስመው መሆኑ ነው። ሽማግሌው አለቀሱ። አምስት ወር ሙሉ በቋንቋቸው ያናገራቸው ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ከምሳ እስከ እራት አወሩ። ከሩዛቸው ቀንሰው ሰጡት። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና ቀንቼም ነበር። አገር ቤት ያስያዘኝ አብሮ አደጌ ስለነበር፣ አበሻ ሳይ የምሸሽ ሰው ሆኜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ተጠሩ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን ሆኑ አባቴ?»

«ስለ ሴት ልጄ ጠየቁኝ» አሉ። «ቤቷን ያውቁታል።»

ሴት ልጅ እዚሁ ቶሮንቶ እንዳለቻቸው ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ያለ ወረቀት ትኖራለች። ለማን እንደነገሩ አልጠየቅኳቸውም። ባዶውን አልጋ ያዩ ነበር። «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ።

ከኮሪደሩ ስልክ ደወሉላትና በዋራይ ሁለት ቃል ተናግረው ዘጉ። ፖሊሶች ሲደርሱ ቤቱን ለቃ እንደነበር ኋላ ሰማን። ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስልኩ ይጠለፋል ብለው ስለፈሩ ደግመው አልደወሉላትም።

በሳምንቱ አንዲት ኦፊሰር ፎርም ይዛ መጣች። ነገ ጉዳያቸው የሚሰማበት ሂሪንግ አላቸው፤ አስተርጓሚው በታጋሎግ ነው። የዋራይ ከፈለጉ ሌላ አንድ ወር ይጠብቃሉ።

«ፊሊፒኖ አይደሉ? ያው አይደል እንዴ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«እሺ ይበሉና ይገላገሉ አባቴ» አልኳቸው በዓረብኛችን።

«ያ ሰው የወሰደብኝ ይበቃዋል» አሉ። «ቋንቋዬን አልመርቅለትም። ስለ ልጆቼ የምናገረው እናታቸው ባሳደገቻቸው ቋንቋ ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀብለው «ታጋሎግ» የሚለውን ሰረዙ፤ ከጎኑ «ዋራይ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

እኔ ቀድሜያቸው ተፈታሁ። ልብሴን በፌስታል እየከተትኩ «ልጅዎ ያለችበትን ይንገሩኝ፤ ደህና መሆንዎን ላድርስላት» አልኳቸው። በጣም ፈልገው ነበር፤ ከዓይናቸው ታየኝ። እጄን ያዙ።

«ያን ሰው ባላምነው ኖሮ» አሉ፣ «ለአንተ እነግርህ ነበር።»

ያን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ተኝተን! ሌላ ሰው በሠራው እኔ ተቀጣሁ ብዬ ተቀየምኳቸው። ቅያሜው እስኪወጣልኝ ሁለት ክረምት ፈጀ።

አሁን ስካርቦሮ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። ግማሾቹ ባልደረቦቼ ፊሊፒናውያት ናቸው። አንዳንዴ ሺፍት ስንቀያየር አንዷን አይና፣ የሽማግሌው ልጅ ትሆን ይሆን እላለሁ። አባቷ በዚያ ፎርም ላይ ምን እንደጻፉ ብነግራት እንዴት ደስ ባለኝ። ግን ማንንም አልጠይቅም። ልጃቸውን እያጠያየቀ የሚዞር ሰው መሆን አልፈልግም።