ራስ የሌለው ፈረስ

ጠጋ በይ ልጄ፣ ከበሩ ራቂ፤ የእንጅባራ ሐምሌ ዝናቡን ጨርሶ በጉሙ ነው የሚገባ።

ልጅ ሳለሁ ጥሊሊ፣ አክስቴ ቤት ነበር ያደግሁት። ማታ ማታ ፍሙ ዳር፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ተረት ታወራልናለች። ከሁሉ የምወደው የፈረሱን ነበር፤ እናቷ ወንዝ ተሻግራ የቀረችባትን ልጅ ጀርባው ላይ አውጥቶ፣ እናቷ ዘንድ ሊያደርሳት የተነሣውን። ያኔ እኔ መቼ አርፌ ተቀምጬ! ግማሹ ላይ ብድግ ብዬ እወጣለሁ፤ ስመለስ ተረቱ አልቋል። ፈረሱ ይድረስ ይቅር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘመን ሄደ። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ልጄ ዘርፌ ትንሿን ልጇን ምንታምርን ለእኔ ትታ አረብ አገር ሄደች። ልጅቱ እንቅልፍ እምቢ አለች። ባጃጅ በጮኸ ቁጥር ሮጣ በር ነው። እናቷ ስትደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ይብስባታል። ጥቂት የሚያሸልባት የእናቷን አሮጌ ቀሚስ ፊቷ ላይ ስታደርግ ብቻ ነው። ቀሚሱ መጀመሪያ የእናቴ የነበረ አቡጀዴ ነው፤ ዘርፌ የቤት ልብስ አድርጋው አንገቱ የጸጉሯን ቅቤ ጠጥቷል። ምንታምር ስትጎትተው እየተተረተረ ሄደ። ጨርሶ ሳያልቅብን ትራስ እናድርገው አልሁ፤ የተረቱ ፈረስም ይሳልበት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሺ ካርቶን ላይ ፈረስ ቆርጣ አወጣች። ካርቶኑን ጨርቁ ላይ አንጥፎ ቀዳዳውን በስፖንጅ ቀለም መምታት ነው።

«እማማ፣ መጀመሪያ ይጠብ እንጂ፤ ቅቤ የነካው ጨርቅ ቀለም አይይዝልዎትም» አለችኝ።

ምንታምር ቀሚሱን አቅፋ ጥግ ገባች። «እማዬን ልታጥቡብኝ ነው?»

«ተይው የሺ፣ እንዳለ ይሁን።»

«እንግዲህ አህያ ሆኖ ቢወጣ እኔን እንዳይሉኝ!»

መታችው። ካርቶኑን ስታነሣ እግሩ አለ፣ ወገቡ አለ፣ ጭራው አለ፤ ራሱ የለም። ቅቤው ቀለሙን እንደ ኮባ ቅጠል አንሸራትቶ ጥሎታል። ይቺ ልጅ አሁን ካለቀሰች፣ ትራሱንም ከጠላችው፣ ከእንግዲህ በምን አስተኛታለሁ?

ምንታምር ቀርባ አየችው፣ አየችውና፣

«ውኃ እየጠጣ ነው እኮ» አለች። «ራሱን ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ከቶ።»

የሺ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ከጠጣ በኋላስ?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። ገና እየጠጣ ነው።»

ዙሪያውን ሰፍተን ጥጥ ሞላንለት። ሲመሽ ጉንጯን ቅቤው ላይ፣ ራሱ በጎደለበት ቦታ አሳርፋ «እምዬ፣ የፈረሱን ንገሪኝ» ብላ ተረቱን አስጀመረችኝ። እኔ መጨረሻውን ከየት እንደማመጣ እየተጨነቅሁ ሳወራ፣ ፈረሱ ወንዙ ዘንድ ሳይደርስ እንቅልፍ ጣላት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለካ ተረት ልጅን እስኪያስተኛ ከሄደ ደርሷል።

አክስቴ ከሞተች ቆየች። የሺ አግብታ ዳንግላ ወረደች፤ አሁንም ትሰፋለች። ዘርፌ ከዓመታት በኋላ በሰላም መጣች፤ ምንታምር መጀመሪያ አፍራት ከጀርባዬ ተደበቀች፣ ኋላ ግን ተለማመዱ። ዘርፌ ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ሄደች። ትራሱን እናቷ ሻንጣ ውስጥ የከተተችው ራሷ ምንታምር ናት፤ «እኔ እምዬ አለችልኝ፤ አንቺ እዚያ ብቻሽን ነሽ» ብላ።